አረንጓዴ ፔስት ጠፍር ላይ ምን ያህል ይቀባል? ምላጩ ከፔስቱ በኋላ መጎተት ጀመረ

ሽበት_አገጭ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ታጣፊ ምላጭ ነው፤ የዞሊንገን፣ ወርዱ 5/8 ኢንች፣ ካርቦን ብረት፣ ሁለቱም ጎኑ ሙሉ በሙሉ የተሰረጎደው ዓይነት። 12000 ቁጥር ድንጋይ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን የላመ ነው) ላይ ተስሎ ሁለት ወር ያህል ደህና ላጨ፤ ከዚያ አገጭ ላይ መንከስ አመጣ። ድንጋይ አያስፈልገውም፣ ፔስት (ስለት የሚሞርድ ቅባት) ይበቃዋል ስለተባልኩ ሳሙና የሚመስለውን አረንጓዴ ፔስት ገዝቼ ተንጠልጣዩን ስትሮፕ (የቆዳ ጠፍሩን ማለቴ ነው) እስኪሸፈን ቀባሁትና 40 ጊዜ አመላለስኩበት። አሁን መሃሉ ይቆርጣል፣ ግን ቆዳ ያቃጥላል። ጫፉ ከናካቴው ጢሙን ይጎትታል እንጂ አይቆርጥም።

ጥያቄዎቼ፦ ፔስቱ በትክክል ስንት ነው የሚቀባው? የተቀባውን ቆዳ ማጽዳት ይቻላል? ጫፉ ብቻ ለምን ተበላሸ? ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ለቫልቭ የሚጠቀሙበት ፔስት አለ፤ እሱን በትንሹ ብሞክርስ?

ባለድንጋይ

ከመጨረሻው ልጀምር፤ የቫልቩን ፔስት እንዳትነካው ወንድሜ። እሱ የሞተር ቫልቭን ከመቀመጫው ጋር እየፈጨ ለማግጠም የተሠራ ነው። ሻካራው ቅንጣቱ ከ100 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) ያልፋል፤ የተሳለ ምላጭ አፍ ደግሞ 1 ማይክሮን አይሞላም። አንድ ምልልስ ብቻ አፉን መጋዝ ያደርገዋል። ከዚያ ከ1000 ቁጥር ድንጋይ እንደገና መጀመር ነው።

ወደ ዋናው እንምጣ። የየቀኑ ጠፍር ላይ ፔስት አይቀባም። ንጹሑ ቆዳ ብረት ለመቁረጥ አይደለም የተሰቀለው፤ በመላጨት ጊዜ ወዲያና ወዲህ የተጣመመውን ቀጭን አፍ መልሶ ለማቅናት ነው። ፔስት ሲገባበት ማቅኛ መሆኑ ቀርቶ መሞረጃ ይሆናል፤ በየጠዋቱ 50 ጊዜ ስታመላልስ በየጠዋቱ ብረት እየበላህ ነው ማለት ነው።

ተንጠልጣይ መሆኑ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ጠፍሩ ምንም ያህል ብትወጥረው መሃሉ ትንሽ ይረግባል። ምላጩ ሲያልፍ ቆዳው ይሰረጉድና ከአፉ ኋላ ተመልሶ ቀና ይላል። ንጹሕ ቆዳ ላይ ይሄ ጉዳት የለውም፤ ፔስት ሲኖርበት ግን ያ ቀና የሚለው ቆዳ አፉን ከታች ወደ ላይ እየላሰ ያሞለሙለዋል። የዚህ ምላጭ አፍ ከጀርባው ውፍረት ጋር ተዳምሮ ከ16 እስከ 17 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚወጣው። 40 ምልልስ በወፍራም ፔስትና በረገበ ቆዳ ላይ የአፉን ስስ ጠርዝ ከዚያ በላይ አወፈረው። ጎትቶ ያቃጠለህ እሱ ነው።

ለፔስት ከ5 እስከ 10 ምልልስ ይበቃል፤ ሄዶ መመለስ አንድ ይባላል። ግፊት የለም። ምላጩ ራሱ ያለው ክብደት በቂው ነው፤ የእጅህ ሥራ መምራት ብቻ ነው። ስትጨነቅ የሚጨመረው ያ ትንሽ ግፊት ነው አብዛኛውን ስለት የሚያበላሸው።

ጫፉን በተመለከተ አንድ ነገር ንገረኝ፦ ጠፍሩ ወርዱ ስንት ሳንቲም ሜትር ነው?

ማይክሮን_ቆጣሪ

ባለድንጋይ ያለው ልክ ነው፤ እኔ የፔስቱን ማንነት ልጨምር። "አረንጓዴ" ማለት ብቻውን ምንም አይነግርህም። ለምላጭ የሚፈለገው ክሮሚየም ኦክሳይድ ነው፤ ንጹሑና በደንብ የተለየው ቅንጣቱ 0.5 ማይክሮን አካባቢ ነው። ሳሙና የሚመስለው ድፍን ፔስት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ለብረት ማብሪያ ማሽን ነው፤ ሰምና ስብ ይበዛዋል፣ ብዙ ጊዜም አልሙኒየም ኦክሳይድ ይቀላቀልበታል፣ የቅንጣቱም መጠን አንድ ወጥ አይደለም። ምላጭህ 12000 ድንጋይ ላይ ተስሎ ከ1 ማይክሮን ብዙም ያልራቀ ጭረት ይዞ ከወጣ በኋላ 3 ማይክሮን ቅንጣት ያለበት ነገር ላይ ብታመላልሰው ወደ ኋላ መለስከው እንጂ አላሳልከውም። ለወጥ ቤት ቢላዋ ግን ያው ፔስት ግሩም ነው፤ ጥፋቱ ቦታው ላይ ነው።

ቀለም አንድ ስምምነት የለውም። ቀዩ ብዙውን ጊዜ ብረት ኦክሳይድ ነው፤ ወርቅ ሠሪዎች የሚያበሩበት ዓይነት፣ ከአረንጓዴው የላመ። ነገር ግን ሌላ አምራች ቀዩን ቀለም ለሻካራው ፔስቱ ይሰጠዋል። ቱቦ ውስጥ የሚሸጥ ቢጫ ደግሞ ጭራሽ የማይሞርድ፣ የቆዳ ማለስለሻ ቅባት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ጽሑፉን አንብብ፤ የማይክሮን ቁጥር ያልተጻፈበትን ለምላጭ አትግዛ።

አልማዝ ሌላ ነገር ነው። 0.5፣ 0.25 እና 0.1 ማይክሮን ተብሎ በቱቦና በሚረጭ ፈሳሽ ይሸጣል። ከክሮሚየም ኦክሳይድ በጣም ይፈጥናል፤ 0.5 አልማዝ ላይ 5 ምልልስ የሠራውን አረንጓዴው በ10 እና 15 ነው የሚደርስበት። ጠባዩም ይለያያል፦ ከአልማዝ የወጣ ስለት ይናከሳል፣ ቆዳው ለስላሳ የሆነ ሰው ይቃጠልበታል። ክሮሚየም ኦክሳይድ የሚሰጠው ስለት ይለሰልሳል። ሁለቱን የሚጠቀም ሰው አልማዙን አስቀድሞ አረንጓዴውን ያስከትላል።

የጥርስ ሳሙና የሚሉም አሉ፤ ሳይጠየቅ ልመልስ። በውስጡ ያለው ሲሊካ የተመረጠው ጥርስ እንዳይጎዳ ነው፤ ለዚህ ብረት ሥራ አይረባም። ውሃ ስላለበት ደግሞ ካርቦን ብረትን ያዝጋል።

ሽበት_አገጭ

እግዜር ይስጥልኝ። ጠፍሩ ወርዱ 5 ሳንቲም ሜትር ነው። ፔስቱ ላይ የማይክሮን ቁጥር የለም። አንድ የረሳሁት፦ ድንጋይ ላይ ሲሳል ጀርባው ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ተለጥፎበት ነበር። ፔስቱ በቱቦ ቢሆንስ አቀባቡ ይለያል?

ባለድንጋይ

በቃ፣ የጫፉ ምስጢር ተገኘ። የምላጩ አፍ ርዝመት 7.5 ሳንቲም ሜትር አካባቢ ነው፤ ጠፍሩ 5። ቀጥ አድርገህ ስትስበው ሁልጊዜ 2.5 ሳንቲም ሜትር የሚሆን አፍ አየር ላይ ነው። አብዛኛው ሰው ከመያዣው በኩል ያለውን አስተካክሎ ያሳርፋል፣ ጫፉ ይቀራል። በጠባብ ጠፍር ላይ አካሄዱ ሰያፍ ነው፦ ስትጀምር መያዣው አጠገብ ያለው አፍ ቆዳው ላይ ይሁን፤ እየሳብክ ምላጩን ቀስ በቀስ ወደ ጎን አንሸራትተው፤ ስትጨርስ ጫፉ ቆዳው ላይ ይሁን። ስትመለስም እንዲሁ። ሁለቱ መስመሮች ተደርበው ሲታዩ የመስቀለኛ ምልክት ይሠራሉ።

ጀርባው ይቀድማል፣ አፉ ይከተላል። ዳር ስትደርስ የምትገለብጠው በጀርባው ላይ ነው፤ አፉን ወደ ላይ አድርገህ፣ ጀርባው ከቆዳው ሳይነሳ። በአፉ በኩል የገለበጠ ሰው ጠፍሩን ይቆርጣል፣ አፉንም ያጥፋል።

አሁን የአቀባቡ ነገር። ልኩን በዓይን ለመያዝ፦ ነጭ ነጠላ ሣር ላይ ተቀምጠው ሲነሱ የሚቀረውን አረንጓዴ አስበው። ያ ነው። የቆዳው ቀለም ከሥሩ እየታየ መሆን አለበት።

ድፍኑ ከሆነ መጀመሪያ ቆዳውን በፀጉር ፎን ለግማሽ ደቂቃ አሙቀው፤ እጅ የሚችለው ሙቀት ይሁን እንጂ አታቃጥለው። ከዚያ ልጅ በጠመኔ እንደሚያሰምር 4 ወይም 5 ቀጭን መስመር በቁመቱ፣ ጥቂት ሰያፍ መስመር ደግሞ በላዩ። በመዳፍህ ሥር፣ በሥጋማው በኩል፣ አጥብቀህ እሸው። እንደገና ፎን አሳየው፣ ሰሙ ሲያብረቀርቅ በሶፍት ጥረገው። ሶፍቱ ላይ የወጣው ትርፉ ነው። ከቱቦ ከሆነ ለ30 ሳንቲም ሜትር ቆዳ ምስር የሚያህል 4 ወይም 5 ነጠብጣብ አራርቀህ አስቀምጥና በጣትህ አዳርሰው። ሁለቱንም ቢሆን እስከ ማግስቱ ተወው፤ ዘይቱ ወደ ቆዳው ይገባል፣ ቅንጣቱ ላይ ይቀራል። ትኩሱን ስትጠቀምበት ፔስቱ አፉ ላይ ይለጠፋል፤ እየተንከባለለ ትንንሽ ድብልብል ይሆንና ምላጩ በላዩ ሲያልፍ ከፍ ዝቅ ይላል።

ስለ ፕላስተሩ ከቆዳ ይልቅ ባልሳ (ቀላልና ለስላሳ እንጨት) የሚመርጡት ያስረዱህ። የእሱ ጣጣ ጠንካራ መሠረት ላይ ነው የሚገለጠው።

የሶል_ቆዳ

ለፔስት ለብቻው የእንጨት መቅዘፊያ የሚመስል ጠፍር ይሠራ። ዋጋው ቀላል ነው። ከጫማ ሠሪ የሶል ቆዳ ጠይቅ፤ የከብት፣ በእንጨት ቅርፊት የተለፋ፣ ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። የበግ ቆዳችን ለጓንት ስሙ የተጠራ ቢሆንም ለዚህ አይሆንም፤ ይለጠጣል፣ ይሰረጉዳል፣ አሁን ባለድንጋይ የነገረህን በሽታ መልሶ ያመጣል። አሮጌ ቀበቶም አታምጣ፤ ብዙው በላዩ ፕላስቲክ የተለበጠ ወይም ተፈጭቶ የተጋገረ ቆዳ ነው፣ ፔስት አይጠጣም።

ልኩ 30 በ7.5 ሳንቲም ሜትር። 7.5 ያልኩት ምላጩ ሙሉ እንዲያርፍ ነው። እንጨቱ ያልጠመመ ጣውላ ወይም 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ይሁን። ቀጥ ያለ ማስመሪያ በሰያፍ አስቀምጥበትና ከሥሩ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካየህ ሌላ ፈልግ። ማስቲሹን እንጨቱም ቆዳውም ላይ ስስ አድርገህ ቀባ፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቅ፣ ጣት ላይ መጣበቁን ሲያቆም ግጠመው። ከመሃል ወደ ዳር በጠርሙስ ዳምጠው፣ አየር ታቅፎ የቀረበት ቦታ ጉብታ ይሆናል። ከባድ ነገር ጭነህበት ይደር።

በማግስቱ 220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት መስታወት ላይ አንጥፈህ፣ ቆዳውን ወደ ታች ደፍተህ ሳበው፤ ከዚያ 400። የቆዳው ልሙጥ ፊት ትንሽ ቡፍ ማለት አለበት፣ አለዚያ ፔስቱ መያዣ ያጣል። አቧራውን ጠርገህ ነው የምትቀባው። ዳሮቹን ደግሞ ክብ አድርጋቸው፤ ቀጥ ያለ የቆዳ ጠርዝ ሰያፍ ስትስብ አፉን ይይዘዋል።

ሁለት ዓይነት ፔስት ካለህ ሁለት እንጨት። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ ቁጥሩን ጻፍ፣ እያንዳንዱን በላስቲክ ከረጢት ለየብቻ አስቀምጥ። የሻካራው አንድ ቅንጣት ልሙ ላይ ከገባ ወጥቶ አይገኝም። ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፍ ምላጩን በሶፍት ጥረግ፤ ከጀርባው ወደ አፉ፣ በአፉ ርዝመት ሳይሆን። እጅህንም ታጠብ፤ ንጹሑን ተንጠልጣይ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ጣት ነው።

ቀጥ_ያለ

እኔ ቆዳ ላይ ፔስት አልስማማም። ቆዳ የቱንም ያህል እንጨት ላይ ቢለጠፍ ይሰረጉዳል። ባልሳ እንጨት በቂ ልስላሴ አለው፣ ቅንጣቱን ይይዛል፣ ከአፉ ኋላ ግን ቀና አይልም። ይህ በባዶ አነጋገር አይደለም፦ ቆዳ ላይ በፔስት 6 ወይም 7 ጊዜ የታደሰ ምላጭ ተሞልሙሎ ድንጋይ ይፈልጋል። ሜዳ የሆነ ባልሳ ላይ በ0.25 ወይም በ0.1 አልማዝ የሚታደስ ምላጭ ድንጋይ ሳያይ ብዙ ወር ይሄዳል።

ዋናው ሜዳነቱ ነው። ባልሳውን ወፍራም መስታወት ወይም የሴራሚክ ንጣፍ ላይ አጣብቀው። ፊቱን በእርሳስ መረብ አስምር፣ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በተነጠፈበት ሌላ መስታወት ላይ እርሳሱ በሙሉ እኩል እስኪጠፋ ድረስ ሳበው። መሃል ላይ እርሳስ ከቀረ መሃሉ ጎድጓዳ ነው፤ ቀጥል። ከዚያ ፔስቱን የጤፍ ፍሬ በሚያህል ነጠብጣብ በየ2 ሳንቲም ሜትሩ፣ አንድ ጠብታ የማዕድን ዘይት ጨምረህ በጣት እሸው፣ የቀረውን በሶፍት አጥብቀህ አንሳ። ስትነካው ደረቅ ሊመስልህ ይገባል። የሚታይ ፔስት ካለ በዝቷል።

ፕላስተሩን በተመለከተ፦ ጀርባው ላይ ፕላስተር ሲኖር ምላጩ ድንጋዩ ላይ ትንሽ ቀና ብሎ ነው የሚሳለው፤ የአፉ ማዕዘን በዚያው ልክ ይሰፋል። ፕላስተሩ ተነሥቶ ጠንካራ ባልሳ ላይ ሲተኛ ባልሳውን የሚነካው ከአፉ ኋላ ያለው ትከሻ ነው፤ የአፉ ስስ ጠርዝ አይነካም። 50 ጊዜ ብታመላልስ ለውጥ የለም፣ ሰውም ፔስቱ አይሠራም ይላል። ስለዚህ አንድም እኩል ውፍረት ያለው ፕላስተር መልሰህ ለጥፍ፣ አንድም ያለ ፕላስተር እንደገና ድንጋይ ላይ ሳለው። ቆዳ ስለሚሰረጉድ ይህን ልዩነት ይሸፍነዋል፤ ይህን ለቆዳው እመሰክርለታለሁ።

ባለድንጋይ

በቀጥ_ያለ አባባል እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ሲቀር። ለጀማሪ እጅ ባልሳ ምሕረት የለውም፤ ምላጩ ትንሽ የጠመመ ከሆነ (አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ናቸው) ሜዳ ባልሳ ላይ የሚነካው የአፉ ግማሽ ብቻ ነው። እንጨት ላይ የተለጠፈ ቆዳ ግን ያዳርሰዋል። ፔስቱን አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠቀም ሰው፣ ማለትም በ8 ወይም በ10 መላጨት አንዴ፣ የመሞልሞሉ ጉዳይ ቶሎ አይደርስበትም። ተንጠልጣይ ላይ ግን ሁለታችንም አንድ ነን፦ አይቀባም። ጠፍሩ ከጀርባው ሸራ ካለው ሸራው ላይ በጣም ጥቂት ይቻላል ይላሉ፤ ያኔ ለንጹሕ ሸራ ሥራ ሌላ ያስፈልግሃል።

ሽበት_አገጭ

ገባኝ። እንግዲህ የተበላሸውን ጠፍር ምን ላድርገው? ደግሞ የክሮሚየም ኦክሳይዱን ዱቄት ለብቻው የሚሸጡ አሉ፤ በኑግ ዘይት ወይም በቅቤ መለወስ ይቻላል?

የሶል_ቆዳ

በኑግ አትለውሰው። የኑግ ዘይት አየር ሲያገኝ እየደረቀ ይጣበቃል፤ ለቀለም ሥራ ሳይቀር የሚፈለገው ለዚህ ነው። ተልባም እንዲሁ። በሳምንቱ ቆዳህ ላይ ማስቲካ ታገኛለህ። ቅቤ ውሃ አለበት፣ ይሸታል፣ ያዝጋል። ሽታ የሌለው የማዕድን ዘይት ወይም ቫዝሊን ይሻላል፦ ለሩብ የሻይ ማንኪያ ዱቄት 4 ወይም 5 ጠብታ፣ ጥፍር ቀለም ያህል እስኪወፍር። ስትለውስ መስኮት ክፈት፣ አፍንጫህን ሸፍን፤ ዱቄቱ በጣም የላመ ስለሆነ ይተንናል። ባልሳ ላይ ከሆነ ዘይቱም አያስፈልግም፣ ደረቁን ቆንጥረህ ማሸት ይበቃል።

ጠፍሩን ሙሉ በሙሉ ማንጻት አይቻልም፤ እውነቱን ማወቅ ይሻላል። የላይኛውን ግን ማንሳት ይቻላል። በጠረጴዛ ቢላዋ ጀርባ ፋቀው፤ ፎን እያሳየህ ሶፍት በላዩ ጫንና ሰሙን አስመጥጠው፤ ከዚያ ጨርቅ በአኳራጅ ነክረህና ጨምቀህ ጥረገው። ሲደርቅ 400 ብርጭቆ ወረቀት በቀላሉ አሳልፍበት። ቆዳው አረንጓዴነት ይቀርበታል። በእኔ ግምት ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያንኑ ጠፍር ቆርጠህ እንጨት ላይ ለጥፈህ የቢላዋ መሳያ ብታደርገው ያዋጣል፤ ለምላጩ ሌላ ንጹሕ ጠፍር ግዛ፣ በዚያው 7 ሳንቲም ሜትር ወርድ ያለውን።

መቀስ_ቤት

ለፀጉር ቤት ባለሙያዎች አንድ ማስታወሻ፣ ውይይቱን ሳልቀማ። እዚህ የተባለው ሁሉ ለአንድ ሰው የግል ምላጭ ነው። የቆዳ ጠፍር ሊቀቀልም በአልኮል ሊነከርም አይችልም፤ የአንዱን ደም ለሌላው ሊያሻግር ይችላል፤ ሄፓታይተስ ቢ ደግሞ ደርቆም እስከ ሳምንት በሕይወት የሚቆይ ቫይረስ ነው። ለደንበኛ ግማሽ ምላጭ የሚገባበትን መያዣ ተጠቀሙ፤ ለያንዳንዱ ሰው አዲስ፣ በደንበኛው ፊት ተፈልቅቆ። እሱ ፔስትም ጠፍርም አይፈልግም።

ማይክሮን_ቆጣሪ

ለሽበት_አገጭ የማስተካከያው መንገድ ይህ ነው። አሁን ያለው አፍ ተሞልሙሏል፤ ተጨማሪ ፔስት አይመልሰውም። አዲስ ፕላስተር ለጥፈህ 12000 ድንጋይ ላይ በውሃ ከ20 እስከ 30 ምልልስ ያህል ሞክር። ከዚያ ሰዓት ሠሪዎች በሚያዩበት አጉሊ መነጽር ተመልከት፦ የድንጋዩ ጭረት እስከ አፉ መጨረሻ ጠርዝ ካልደረሰና አፉ ላይ የምታበራ ቀጭን መስመር ከቀረች ወደ 8000 ውረድ፣ ስትጠፋ ወደ 12000 ተመለስ። መስመሯ ሳትጠፋ ፔስት ብትነካ ያው ታሪክ ነው።

ከድንጋዩ በኋላ 0.5 ክሮሚየም ኦክሳይድ ላይ 8 ምልልስ፣ ጥረግ፤ ንጹሕ ሸራ ላይ 20፣ ንጹሕ ቆዳ ላይ 50። መቁረጡን በአውራ ጣት ጥፍር አትፈትን፤ የለፋህበትን አፍ ጥፍር ያጥፈዋል። የክንድ ፀጉር ላይ፣ ቆዳውን ሳትነካ ግማሽ ሳንቲም ሜትር ከፍ አድርገህ አሳልፈው። ከመያዣው ጥግ እስከ ጫፉ በ3 ቦታ ሞክር፤ በ3ቱም ፀጉሩን ድምፅ ሳያሰማ ከቆረጠ ደርሷል። ጫፉ ላይ ብቻ ሳይቆርጥ ካለፈው ችግሩ ያ ሰያፍ አሳሳብ ነው፣ ፔስት አይደለም።

ከተጠቀምክበት በኋላ ፔስቱ ላይ ጥቁር ጭረት ታያለህ። ያ የተበላ ብረት ነው፣ መኖሩ ጤና ነው። ፊቱ በሙሉ ጠቁሮ መስታወት መምሰል ሲጀምር ነው የሚፋቀውና በጥቂቱ የሚታደሰው፤ ከዚያ በፊት በላዩ ላይ አትደርብ። ጥቁሩ የሚሰበሰበው በአንድ ዳር ብቻ ከሆነ ደግሞ እጅህ ወደዚያ ያዘነብላል ማለት ነው። አመልካች ጣትህን ከምላጩ ጭራ ላይ አንሥተህ በአውራ ጣትና በመሃል ጣት መካከል ያዘውና እንደገና እይ።